የግቢያችንን የጡብ ንጣፍ ሲለር ስናስቀባ

ከአያት አልፎ ወደ ለገጣፎ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ ቤት የሠራን ሰዎች የግቢያችንን መሬት አብዛኛውን ጊዜ በኮብልስቶን ወይም በሲሚንቶ ኢንተርሎክ ነው የምናስነጥፈው። እኛ ቤት ግን ከውጭ በሩ እስከ መኪና ማቆሚያው ያለው መግቢያ ሸክላ ጡብ ነው። ቀይ ጡብ አዲስ ሲነጠፍ ዓይን ይስባል፤ ክረምትና በጋ ሲፈራረቁበት ግን የመኪና ዘይት ይጠጣል፣ የጭቃ መልክ ይይዛል፣ ጥላ ባለበት በኩል ደግሞ አረንጓዴ ሻጋታ ያወጣል። ዝናብ ሲመታው ብቻ ብቅ የሚለው ደማቅ መልኩ ዓመቱን ሙሉ እንዲቆይለት የፈለገ ሰው የሚያብረቀርቅ ሲለር፣ ማለትም ጡቡን የሚያሽግ ፈሳሽ ቅብ፣ ያስቀባል። እኛም ያንኑ አድርገናል። ሥራው ክረምት አሳልፎ ስለታየ፣ ተመሳሳይ ሐሳብ ላላቸው ሰዎች ይጠቅማል ያልኩትን ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

በቅድሚያ መታወቅ ያለበት ሲለር የሚባለው ሁሉ እንደማያብረቀርቅ ነው። አንደኛው ዓይነት ወደ ጡቡ ቀዳዳዎች ሰርጎ የሚገባ ሲሆን፣ ሲሌንና ሲሎክሴን ከሚባሉ ንጥረ ነገሮች የሚሠራ ነው፤ ጡቡ ውኃ እንዳይጠጣ ያደርገዋል፣ ከሥር የሚነሣውን ተን ግን አያግድም፣ መልኩንም እምብዛም አይለውጥም። ሁለተኛው ዓይነት ከጡቡ ላይ ስስ ሽፋን ሆኖ የሚደርቅ ነው፤ ከዚህ ውስጥ በብዛት የሚገኘው አክሪሊክ ሲሆን ፖሊዩረቴንም አለ። የሚያብረቀርቀው ይኸኛው ብቻ ነው፤ ብርሃኑን የሚመልሰው ለስላሳው ሽፋን ስለሆነ ሽፋን የሌለው ሲለር ሊያብረቀርቅ አይችልም። እኔ ሱቅ ገብቼ ስጠይቅ የመደብሩ ልጅ «እናቴ፣ ይኸውልዎት፣ ውኃ የሚባል ነገር አያሳልፍም» ብሎ ያወጣልኝ ቆርቆሮ የእንጨት ቫርኒሽ ነበር። ልጁ ተንኮል አስቦ አልነበረም፤ የሚያብረቀርቅ ነገር ጠይቄው የሚያብረቀርቅ ነገር ሰጠኝ። ነገር ግን ለቤት ውስጥ እንጨት የተሠራ ቫርኒሽ ደጅ ላይ ፀሐይ ሲመታው ይቢጫል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዚያም እየተላጠ ይነሣል። ስለዚህ ከመክፈል በፊት ቆርቆሮው ላይ ለውጭ የጡብ ወይም የኮንክሪት ንጣፍ የሚሆን መሆኑንና የፀሐይ ጨረር የሚቋቋም መሆኑን ማንበብ ያስፈልጋል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ስለምንኖር ጨረሩ ቆላ ካለው ይልቅ ይበረታል።

አክሪሊኩም ቢሆን ሁለት መልክ አለው። በውኃ የተበጠበጠው ቆርቆሮው ውስጥ ሳለ ነጭ ሆኖ ይታይና ሲደርቅ ይጠራል፤ ሽታው ቀላል ነው፣ ነገር ግን የአየሩ ሙቀት ወደ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በታች ሲወርድ ሽፋኑ በአግባቡ አይያያዝም። በዛይሊን ወይም በመሰል ማሟሟያ የተሠራው ደግሞ የጡቡን ቀለም በደንብ ያደምቃል፣ ድምቀቱም ከፍ ያለ ነው፣ ሽታው ግን ያፍናል፤ በቀላሉም እሳት ይይዛል። እኛ የመረጥነው ይህን ሁለተኛውን ነው። ፖሊዩረቴን ጥንካሬው የሚያስመሰግነው ቢሆንም፣ አንዴ ከተበላሸ ለመላጥ መከራ ስለሆነ ለመኖሪያ ግቢ አልመክረውም። አክሪሊክ በራሱ ማሟሟያ መልሶ ስለሚለሰልስ ለጥገና ይመቻል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሸክላ ጡብ ከሥሩ ካለው መሬት እርጥበት ይስባል። ፀሐይ ሲወጣ እርጥበቱ ተን ሆኖ ወደ ላይ ይነሣና ሽፋኑ ጋ ሲደርስ መውጫ ያጣል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑን ከጡቡ ላይ በጥቃቅኑ ያላቅቀዋል፣ ንጣፉም ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። በኛ አካባቢ ይህ ነገር ይብሳል፤ ምክንያቱም አፈራችን ጥቁር አፈር ነው። ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፣ ዝናቡ ካቆመ በኋላም ከላይ ደርቆ እየታየ ከውስጥ ለረጅም ጊዜ እርጥብ እንደሆነ ይቆያል። ጡቡ የተነጠፈው አፈሩ በበቂ ተቆፍሮ ወጥቶ ገረጋንቲና ሰሌክት (ለመሙያ የተመረጠ አፈር) ተሞልቶ በደንብ ከተጠቀጠቀ በኋላ ካልሆነ፣ ንጣፉ መስመጥና መነሣት ስለማይቀርለት ለሲለር የሚወጣው ገንዘብ መጀመሪያ ለመሠረቱ ቢወጣ ይሻላል።

ልማዳችን ደግሞ ከዚህ ጋር ይጋጫል። ቤት የምናድሰው፣ አጥር የምንቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ቀለም ቀቢያችንም በነሐሴ መጨረሻ መጥቶ «ለበዓሉ ይድረስልዎት እንጂ» እያለ ወተወተኝ። ለሳሎን ግድግዳ ከሆነ ይሁን፤ ለጡብ ንጣፍ ግን ጳጉሜ ከዓመቱ ሁሉ የከፋ ጊዜ ነው፤ መሬቱ ከሰኔ ጀምሮ የጠጣውን ውኃ ገና እንደያዘ ነውና። ከእኛ ጥቂት ቤቶች አለፍ ብሎ ያለ ጎረቤታችን መስከረም ሳይጠባ አስቀብቶ፣ መስቀል ሲደርስ የመግቢያው ግማሽ ነጥቶ ነበር። ኅዳርና ታኅሣሥ ደረቅ ናቸው፤ ሌሊቱ ግን በጣም ስለሚቀዘቅዝና ጤዛው እስከ ረፋድ ስለሚቆይ የሚሠራበት ሰዓት ያጥራል። ለኛ የተመቸን ጥር ነበር፤ የበልግ ዝናብ በየካቲትና በመጋቢት ከመጀመሩ በፊት መሬቱ ደርቆ ያገኘነው ያኔ ነው። ጥር የሠርግ ወር እንደመሆኑ ደጃፋችሁ ላይ ድንኳን የሚተከልበትና የእንግዳ መኪና የሚገባበት ቀን እንዳለ አስቀድሞ መጠየቁ አይከፋም።

መሬቱ መድረቁን በዓይን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ቀላሉ መፈተኛ ግማሽ ሜትር በግማሽ ሜትር የሆነ ወፈር ያለ ብርሃን የሚያሳልፍ ላስቲክ ጡቡ ላይ ዘርግቶ አራቱንም ጠርዝ አየር እንዳያስገባ በፕላስተር ማጣበቅና ለአንድ ሙሉ ቀን መተው ነው። ሲነሣ ከላስቲኩ ሥር የውኃ ጠብታ ካለ፣ ወይም ጡቡ በዙሪያው ካለው ይልቅ ጠቆር ብሎ ከታየ ገና ነው። ፈተናው በአንድ ቦታ ብቻ መደረግ የለበትም። እኛ ግቢ መካከል ላይ የተዘረጋው ላስቲክ ሥሩ ደረቅ ነበር፤ ከሮቶው አጠገብ ያለው ግን ውስጡ በጠብታ ተሸፍኖ፣ ሲነሣ ውኃው በጠርዙ በኩል ተንቆረቆረ። ምክንያቱ ሲፈለግ ከሮቶው የሚወርደው ቱቦ መጋጠሚያው ላይ ያለማቋረጥ ያንጠባጥብ ነበር። ቧንቧ ሠራተኛ ጠርተን ካስጠገንን በኋላም ያ ጥግ ከሌላው ዘግይቶ ነው የደረቀው። የጣሪያው አሸንዳም እንዲሁ ነው፤ ውኃውን በቀጥታ ጡቡ ላይ የሚያፈስ ከሆነ ከሲለሩ በፊት በቱቦ ወደ ቦዩ መመራት አለበት። ንጣፉ ከታሸገ በኋላ በጡቦቹ መካከል ይሰርግ የነበረው ውኃ ሁሉ በላዩ ስለሚሄድ፣ ተዳፋቱ በአንድ ሜትር ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር ያህል ከቤቱ ወደ ውጭ ማዘንበሉን በውኃ ልክ ማረጋገጥም ያስፈልጋል።

አዲስ የተነጠፈ ጡብ ላይ ብዙ ጊዜ ነጭ ዱቄት ይታያል። ይህ በጡቡ፣ በአሸዋው ወይም ከሥር ባለው ሲሚንቶ ውስጥ ያለ ጨው ሲሆን፣ በውኃ ሟሙቶ ይወጣና ውኃው ሲተን ከላይ ይቀራል። በላዩ ሲለር ከተቀባበት ከሽፋኑ ሥር ታትሞ ይቀራል፤ ያን ጊዜ ሽፋኑን ሳይልጡ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ አዲስ ንጣፍ ቢያንስ አንድ ሁለት ወር፣ ቢቻል ግን አንድ ክረምትና በጋ ተፈራርቀውበት ጨዉን አውጥቶ ቢጨርስ ይመረጣል። ዱቄቱን መጀመሪያ በደረቅ ብሩሽ መጥረግ ነው የሚሻለው፤ በውኃ ብቻ ሲታጠብ ከፊሉ ሟሙቶ ተመልሶ ይገባል። በብሩሽ አልለቅ ያለው ላይ ጥቂት አቼቶ ጠብ አድርገው ይመልከቱ፤ አረፋ እያወጣ ከፈላ ካልሲየም ካርቦኔት ስለሆነ የሚለቀው በቀጭን አሲድ ነው። አሲድ ሲበጠበጥ ሁልጊዜ አሲዱ ወደ ውኃው ይጨመራል እንጂ ውኃው ወደ አሲዱ አይጨመርም፤ ጡቡም አስቀድሞ በውኃ ይርሳል፣ በኋላም በብዙ ውኃ ይታጠባል። አንዳንድ ሸክላ ጡብ ውስጡ ቫናዲየም ወይም ማንጋኒዝ ስላለው አሲድ ሲነካው አረንጓዴ ወይም ቡናማ እድፍ ያወጣል፤ በማይታይ ጥግ ላይ ሳይሞክሩ ሙሉውን መንካት አይገባም። በአቼቶ የሚለቅ ከሆነ ደግሞ አሲድ ምን ያደርጋል?

አረንጓዴውን ሻጋታ በውኃ የቀጠነ በረኪና ይገድለዋል። በረኪናና አሲድ ግን በምንም ዓይነት መገናኘት የለባቸውም፤ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። አቼቶም አሲድ ነውና ከዚሁ ይመደባል። በአንዱ የታጠበ ቦታ በሚገባ ተለቃልቆ ሳይደርቅ ሌላኛው አይቀርበውም፤ እኛ ቤት ሁለቱን በአንድ ቀን አላሠራሁም። የዘይት እድፍ ላይ መጀመሪያ ሰጋቱራ ወይም አመድ ነስንሶ ማሳደር፣ ቀጥሎ በወፍራሙ በተበጠበጠ ዱቄት ሳሙና በሽቦ ሳይሆን በጠንካራ የፕላስቲክ ብሩሽ ማሸት ነው። ዘይት የቀረበት ጡብ ሽፋኑን አይቀበልም። ብዙዎች የመኪና እጥበት ማሽን ተከራይተው ያሳጥባሉ፤ የውኃው ግፊት ከቅርብ ሲመታ ግን የጡቡን ገላ ይልጠዋል፣ በመካከሉ ያለውንም አሸዋ ያወጣዋል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ደግሞ ማሽኑ የሚፈጀው ራሱ ሐሳብ ነው። እኛ በጀሪካን ውኃና በብሩሽ ጨረስነው፤ ጉልበት ጠየቀ እንጂ ንጣፉን አልጎዳውም።

ከታጠበ በኋላ በጡቦቹ መካከል የጎደለው አሸዋ ይሞላል። አሸዋው በወንፊት የተነፋና አፈር የሌለበት መሆን አለበት፤ ጥቂቱን በጠርሙስ ውኃ ውስጥ በጥብጦ ሲያስቀምጡት ከላዩ ወፍራም የጭቃ ድርብ ከሠራ አይሆንም። ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በመጥረጊያ እየተገፋ ይሞላና ከጡቡ ጠርዝ 3 ሚሊሜትር ያህል ዝቅ እንዲል ይደረጋል። ሲለሩ ወደ አሸዋው ሰርጎ ስለሚያያይዘው በኋላ ጉንዳን አያወጣውም፣ ሣርም እንደ ቀድሞው አይበቅልበትም። ጡቡ ፊት ላይ የቀረ አሸዋ ግን ከሽፋኑ ጋር ስለሚደርቅ የመጨረሻው ጠረጋ ችኮላ አይወድም።

ለመቀባት የመረጥነው ሰዓት ረፋድ ነበር፤ ጤዛው ሙሉ በሙሉ ከለቀቀ ከሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ ጀምሮ ጡቡ ሳይግል እስከ አምስት ሰዓት። ቀይ ጡብ የቀትር ፀሐይ ሲያገኘው በእጅ የማይነካ ይሆናል፤ በዚያ ላይ የተቀባ ሲለር ላዩ ፈጥኖ ይደርቅና ከሥር የሚተነው ማሟሟያ አረፋ ሠርቶበት ይቀራል። ሁለተኛውን ዙር ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ዘንበል ስትል፣ ቆርቆሮው ላይ የተጻፈውን የመቆያ ጊዜ ጠብቀን ቀባን። ሁለት ስስ ዙር ከአንድ ወፍራም ዙር ይበልጣል፤ በዚህ ላይ ከቀለም ቀቢያችን ጋር ተከራክረናል። እሱ በግድግዳ ልማዱ ሮለሩን ሞልቶ ማሳረፍ ይፈልግ ነበር፤ ወፍራም ሽፋን በመጀመሪያው ቀን ቢያምርም ተን የማሳለፍ አቅሙ ስለሚቀንስ የሚነጣውም የሚላጠውም እሱ ነው። የመጀመሪያው ዙር ሲቀባ ጥሩ የተተኮሰው ጡብ እያበራ፣ አጠገቡ ያለው ደግሞ ጠጥቶ ደብዝዞ ይታያል፤ ይህ ጤነኛ ምልክት ነው፣ ሁለተኛው ዙር ያስተካክለዋል። በጡቦቹ መካከል የተጠራቀመው ሳይደርቅ በሮለሩ ተመልሶ መሳብ አለበት። ሮለሩም ማሟሟያ የማይበላው፣ ጸጉሩን የማይጥል ዓይነት ይሁን፤ የሚለቀው ጸጉር ሽፋኑ ውስጥ ደርቆ ለዓመታት ይታያል።

ፍጆታውን በተመለከተ ውኃ በሚጠጣ ሸክላ ጡብ ላይ በመጀመሪያው ዙር አንድ ሊትር ከ3 እስከ 5 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሁለተኛው ዙር ከዚያ ሰፋ ያለ ቦታ ያዳርሳል። የጡቡ ዓይነት ስለሚለያይ አንድ ካሬ ላይ ሞክሮ ራስ ማስላቱ ከሻጩ ግምት ይልቅ ያዋጣል። ሲለሩ ይበርክትልን ተብሎ ቤንዚን ወይም ከመደርደሪያ የተገኘ ማንኛውም ቲነር መጨመር የለበትም። ማሟሟያው የተሳሳተ ከሆነ ሽፋኑ ይደበዝዛል፤ ቤንዚኑማ ለነፍስም ያሠጋል። የዛይሊን ተን ከአየር ስለሚከብድ በመሬቱ ላይ እየተንፏቀቀ ይሄዳል፤ በዚያን ቀን ግቢ ውስጥ ቡና እንዳይፈላ፣ ከሰል እንዳይቀጣጠል፣ ሲጋራም እንዳይጨስ አስጠንቅቄ ነበር። የጨርቅ ጭምብል አቧራ ይከላከል ይሆናል፣ ለዚህ ተን ግን ምንም አይሠራም፤ የሚያስፈልገው የኬሚካል ማጣሪያ ያለው ጭምብል ነው።

ስለ መንሸራተት ዝም ብሎ ማለፍ አይቻልም። የሚያብረቀርቅ ሽፋን ደረቅ ሳለ ችግር የለውም፤ ሐምሌ ላይ ጭቃ የረገጠ ጫማ ሲያርፍበት ግን ያንሸራትታል። እናቴ በዕድሜ የገፉ ስለሆኑና መግቢያችን ከውጭ በሩ አጠገብ ቁልቁለት ስለሆነ፣ ቁልቁለቱን ሙሉ በሙሉ ከሚያብረቀርቀው አውጥቼ ሰርጎ የሚገባውን ዓይነት አስቀባሁት። የመልኩ ልዩነት ይታያል፤ አንድ እንግዳ «ሲለሩ አለቀባችሁ?» ብሎ ጠይቆናል። ሜዳው ላይ ደግሞ በሁለተኛው ዙር ውስጥ ለዚሁ የተዘጋጀ የማያንሸራትት ደቃቅ ዱቄት ጨመርንበት። ዱቄቱ ከቆርቆሮው ሥር ስለሚዘቅጥ እየቀቡ ማማሰሉ መቋረጥ የለበትም፤ ካልሆነ መጀመሪያ የተቀባው ልሙጥ፣ መጨረሻ የተቀባው ሻካራ ይሆናል። ድምቀቱን ጥቂት ይቀንሰዋል። ይቀንሰው።

ከተቀባ በኋላ ሰው ከአንድ ቀን በፊት፣ መኪና ደግሞ ከሁለት ሦስት ቀን በፊት ባይገባበት ይሻላል፤ ከመንገድ ግሎ የመጣ ጎማ ያልጠነከረ ሽፋን ላይ ሲቆም ይዞት ይነሣል። በኋላ ትንሽ ቦታ ቢነጣ፣ ሽፋኑ በማሟሟያ የተሠራ አክሪሊክ ከሆነ፣ መሬቱ በደረቀበት ወቅት ስስ ዛይሊን በሮለር ሲቀባበት ሽፋኑ ለስልሶ የታፈነው እርጥበት ይወጣና መልሶ ሊጠራ ይችላል። ጎረቤታችን በበጋው የነጣውን ያዳነው በዚህ ነው፤ ሮቶ ወይም አሸንዳ የሚያረጥበው ቦታ ከሆነ ግን ምንጩ ሳይዘጋ የሚደረግ ጥገና ለወር አይቆይም።

ሽፋኑ በአማካይ ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ያገለግላል፤ ጎማ የሚረግጠው መስመር ቀድሞ ይደበዝዛል። መታደስ እንደሚፈልግ የሚታወቀው ውኃ ሲፈስበት ሳይንከባለል ጡቡ ሲጠጣው ነው። ያን ጊዜ ሁሉን ልጦ እንደ አዲስ መጀመር አያስፈልግም፤ ታጥቦና ደርቆ አንድ ስስ ዙር ይበቃዋል፤ የሚደረበው ግን ከበፊቱ ጋር አንድ ዓይነት መሆን አለበት። እኔ ባዶውን ቆርቆሮ ጽሑፉ እንዳለ መጋዘን ውስጥ ያስቀመጥኩት፣ የተቀባበትንም ወርና ዓመተ ምሕረት ክዳኑ ላይ የጻፍኩት ለዚሁ ነው፤ በሚቀጥለው ጊዜ የሚመጣው ቀለም ቀቢ ሌላ ሰው ሊሆን ይችላል።